ሆን ብዬ የወደቅኩበት ፈተና

ባለፈው ክረምት ለወላጆች ስብሰባ ወደ ልጄ ትምህርት ቤት ገብቼ፣ ዝናብ የመታው ሹራብና የጠመኔ ብናኝ ተቀላቅሎ ሲሸተኝ፣ ሰብሳቢው የሚለውን ትቼ በሐሳብ ደባርቅ ገባሁ።

አባቴ ከመካነ ብርሃን አምጥቶ ዘጠነኛ ክፍል ካስመዘገበኝ በኋላ፣ አንዲት ጠባብ ክፍል ተከራይቶ፣ የወር ስንቄን ጥግ ላይ አስቀምጦ ተመለሰ። እስከዚያ ቀን ብቻዬን ተኝቼ አላውቅም ነበር። ከትምህርት ቤት ስመለስ፣ በሩን ስከፍት፣ ከውስጥ «ማነው?» የሚል ሰው አለመኖሩ ከደባርቅ ብርድ ይልቅ ይከብደኝ ነበር።

ያተረፈኝ እንደኔ ከገጠር መጥተው ብቻቸውን ለሚኖሩና ለችግረኛ ልጆች ከትምህርት በኋላ የሚሰጠው ማጠናከሪያ ነው። እትዬ ዘነበች የሚባሉ፣ ድምፃቸው ዝግ ያለ መምህርት ሂሳብ ያስረዱናል፤ ጥግ ላይ በትልቅ ድስት ድንች ይቀቀላል፤ እኛም ጣታችን እየተቃጠለ እየላጥን፣ አፋችን በትኩስ ድንች ተሞልቶ ስለ ኤክስ ዋጋ እንከራከራለን። ቦታው ጥቂት ስለነበር ግን ውጤቱ የተሻሻለ ልጅ ለሌላ ይለቃል።

የኔ ውጤት ተሻሻለ። ስለዚህ በሚቀጥለው ፈተና የማውቀውን ሁሉ አጣምሜ ጻፍኩ፤ ሰባትና ስምንትን ደምሬ አሥራ ሦስት እስከማለት ደረስኩ።

እትዬ ዘነበች ሌሎቹ ሲወጡ አስቀሩኝ።

«እንዲህ አድርጎ ለመሳሳት ደህና አድርጎ ማወቅ ያስፈልጋል» አሉኝ፣ ወረቀቱን እያገላበጡ። «ምን ሆነሽ ነው ልጄ?»

«ቤት ሰው የለም፣ እትዬ።»

ወረቀቱን አጥፈው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት። «እኔም ቤት የለም» አሉ።

ቦታዬን በማግስቱ ለሌላ ልጅ ሰጡት። እኔን ግን ሁሉም ከሄደ በኋላ እንድመጣ ፈቀዱልኝ። እሳቸው ደብተር ሲያርሙ፣ እኔ ሳነብ፣ እምብዛም ሳንነጋገር ጀምበር እስክትጠልቅ እንቀመጥ ነበር። ሁለት ዓመት እንዲህ ኖርን። ከዚያ ማጠናከሪያው ተዘጋ፤ እሳቸውም ወደ ዳባት ተዛወሩ።

አምና ዳባት ሄጄ አፈላለግኳቸው። ጡረታ ወጥተው ከተማውን እንደለቀቁ ነገሩኝ እንጂ የት እንዳሉ የሚያውቅ አላገኘሁም። ዛሬ በዕድሜ የዚያን ጊዜዋን እትዬ ዘነበችን በልጫለሁ። ሁለት ዓመት ሙሉ ብቸኝነቴን እሳቸው ዘንድ አራግፌ ስመለስ፣ ክፍሉ በሚዘጋበት ቅዳሜና እሁድ እሳቸው እንዴት እንደሚውሉ አንድም ቀን አልጠየቅኳቸውም።