የታፈረ ጉልበት

የአያ ታፈረ ቀኝ ጉልበት ቅቤ ይበላ ነበር። ቀልድ አይደለም፤ ከጨዋታ በፊት ለጋ ቅቤ ተቀብቶ፣ ታሽቶ፣ በጨርቅ ካልተጠቀለለ ጭራሽ አይታጠፍም። በ1979 ዓ.ም. ደግሞ ከአሶሳ ወዲያ ባለው ሰባተኛ መንደር ላም ያለው ሰፋሪ በጣት የሚቆጠር ነበርና ቅቤ እንደ መድኃኒት ነው።

ታፈረ ከወሎ ሲመጣ ሃምሳን አልፎ ነበር። በገና ጨዋታ ደጀን ነው። ነገሩ እንዲህ ነው፦ ሁለት ቡድን ጫፉ በተቆለመመ ዱላ አንዲት ጥንግ እየተሻማ ይመታል፤ ጥንጓን ከባላጋራው ወሰን ያሳለፈ ያሸንፋል። ሌላው ሁሉ ተከትሏት ሲነጉድ፣ ደጀን ከወሰኑ ፊት ቆሞ ይጠብቃል። ግሩም ሥራ ነው! ከሩጫ ይልቅ ዓይን ይጠይቃል። ብቻ ዓይን ያየውን ጉልበት ካልደረሰበት ምን ዋጋ አለው?

በዓሉ ሲቃረብ ቡድኑ ከማንጎው ሥር ተሰበሰበ። በጾሙ ከየቤቱ የተጠራቀመው ቅቤ አንዲት ቅል እንኳ አልሞላም። ነገሩን ያነሳችው የቡድኑ አባት የምንውየለት ሚስት፣ የዝናሽ ናት።

«አምና ለአንድ ሰው ጉልበት ብለን ዶሮውን ያለ ቅቤ በላን» አለች። «ዘንድሮ ግን ወጡ ውስጥ ይግባና ለሁላችን ጉልበት ይሁን!»

ሳቅ ሆነ።

«የምንገጥመውን የስምንተኛ መንደሩን ሊቀመንበር ረሳሽው?» አላት ምንውየለት። «ሲመታ እኮ ጥንጓ አትታይም! ማን ሊመልሳት ነው?»

«ጎረምሳ ይቁማ! የጎረምሳ ጉልበት ውሃ ይበቃዋል።»

ታፈረ ጥግ ተቀምጦ ይሰማል። አገሩ ሳለ በእርሻው፣ በበሬው፣ በአባቱ ስም ይታወቅ ነበር። እዚህ ቤቱም ማሳውም ከጎረቤቱ አይለይም። እሱ እሱ መሆኑ የሚታወቀው ከዚያች ወሰን ፊት ሲቆም ብቻ ነው። ዱላውን ተመርኩዞ ተነሳ።

«ቅቤው ለዶሮው ይሁን። እኔን ግን ከወሰኑ አታንሱኝ።»

«በምን ጉልበትህ ልትቆም?» አለች የዝናሽ።

«እሱን ለእኔ ተዉት።»

ምንውየለት አሰበና ፈረደ፦ ታፈረ ይቁም። ጥንጓ ካለፈችው ግን ለከርሞ ከተመልካች ጋር ይቀመጣል።

የገና ዕለት ሜዳው ጢም አለ። የበርታ ተወላጁ ጎረቤታቸው ባቢከር ሳይቀር መጥቷል።

«ይሄ ሽማግሌ ለምን አትሮጥም?» አለ በተሰባበረ አማርኛ፣ ወደ ታፈረ እያመለከተ።

«ቅቤ ስላልጠጣ» አለችው የዝናሽ።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ሊቀመንበሩ ጥንጓን ነጥቆ ብቻውን ወጣ። ፊቱ የቀረው ታፈረ ብቻ ነው። ታፈረ ሊራመድ ቢል ጉልበቱ እንጨት ሆነበት።

በሌላ ቀን ጓድ ሊቀመንበርን ደፍሮ የሚናገር የለም። ለዚህ ቀን ግን ሕጉ ሌላ ነው፦ «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ።» በዚያ ዘመን ጌታ ተሽሮ በጓድ ቢተካም፣ ሕጉ አልተሻረም። ታፈረ ዱላውን ወደ ሰማይ ቀስሮ ድምፁን ለቀቀው፦

«ቅቤ አንጓች ሞልቶ ከሊቀመንበር ቤት፣
የምቀባው አጣሁ ለአሮጌው ጉልበት!»

ቀድመው የሳቁት ሊቀመንበሩን ሲያሞካሹ የሚውሉት የራሱ ሰዎች ናቸው። እሱም ዱላውን እንዳነሳ ሳቁ አመለጠው፤ ሆዱ ተንቀጠቀጠ፤ ዱላው ጥንጓን ስቶ መሬቱን መታ። ጥንጓ በዝግታ ተንከባልላ ከታፈረ እግር ሥር ቆመች። ለዚህ ጉልበት አያስፈልግም። ለምንውየለት ገፋ አደረገለት፤ ምንውየለትም እየነዳ ሄዶ ከማዶው ወሰን አሳለፋት። ሰባተኛ መንደር በእልልታ ቀለጠ።

ሊቀመንበሩ እንባውን እየጠረገ መጣ።

«ይህን ነገ ብትለኝ አሳይህ ነበር!»

«ነገማ ጓድ ነዎት» አለ ታፈረ።

ማታ ለራት ሲቀርቡ የዝናሽ ቅቤው የሚንጠባጠብበትን የዶሮ እግር መርጣ ፊቱ አኖረች።

«ይቺ ለጉልበትህ አይደለችም፣ አያ ታፈረ። ለምላስህ ናት፤ ለከርሞ እንዳይደርቅብን።»

ታፈረ አጥንቱ እስኪነጣ ጋጠው። ጣቱ ላይ የቀረችውን ቅቤ ግን ማንም ሳያየው ጉልበቱ ላይ አበሳት።