የኔታን ያሳሰረች ቃል

ጣልያን ደብረ ታቦርን ይዞ በነበረበት ዘመን የሆነ ነገር ነው። ያኔ ልጅ ነበርኩ። ዛሬ ጉልበቴ ከድቶኛል፣ ትናንት ማታ ምን እንደበላሁ እንኳ እረሳለሁ፤ ያን ቀን ግን አልረሳውም። ሰው ስለ ሥራው ብሎ ነፍሱን ሲረሳ በዓይኔ ያየሁበት ቀን ስለሆነ ይመስለኛል።

ያስታወሰኝ የልጅ ልጄ ትምህርት ቤት ነው። እዚያ ጠዋት ጠዋት ተማሪዎቹ ሰንደቅ ዓላማ ሥር ተሰልፈው የሳምንቱን ዜና በድምፅ ማጉያ ያነባሉ፤ የትኛው ክፍል ችግኝ ተከለ፣ በጥያቄና መልስ ማን አሸነፈ፣ ለታመመ ጓደኛቸው ምን አዋጡ። የወላጆች ቀን ተጠርቼ ሄድኩና ቁጭ ብዬ ሰማኋቸው። ደስ ይሉ ነበር። አንዲት ትንሽ ልጅ ስታነብ አንድ ቃል ሳተች። መምህሯ ከጎኗ ቆሞ ቀስ ብሎ አረማት፣ እሷም አስተካክላ ቀጠለች። ሰው ሁሉ አጨበጨበላት፤ የእኔ እንባ መጣ። የልጅ ልጄ «እማማ፣ ምን ሆኑ?» ብላ ደነገጠች። ነገሩ ረጅም ነው፣ ሌላ ጊዜ እነግርሻለሁ አልኳት። ይኸው ጽፌላታለሁ፤ እናንተም አንብቡት።

የኛ ትምህርት ቤት ከከተማው ወጣ ብሎ፣ ወደ እብናት በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ከቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ ካለ ወይራ ሥር ነበር። ሰሌዳ የለ፣ ወንበር የለ። ድንጋይ ድንጋዩ ላይ ተኮልኩለን በጩኸት እናነባለን። ድምፁ የማይሰማ ተማሪ አንቀላፍቷል ነው የሚባል። አባቴ ወንድ ልጅ ስላልነበረው እኔን ላከኝ። ጎረቤቱ «ሴት ልጅ ፊደል ቆጥራ ልትቀድስ ነው?» እያለ ሲስቅበት፣ «እናንተ ሳቁ፣ እሷ ታንብብ» ይል ነበር። ነፍሱን ይማረው።

መምህራችን የኔታ ከሲታና ቁጡ ሰው ነበሩ። ለምግብ ግድ የላቸውም፣ ለልብስ ግድ የላቸውም። ንባብ ሲበላሽ ግን ያማቸዋል። እውነቴን ነው፣ እሾህ እንደወጋው ሰው ፊታቸው ይጨማደድ ነበር።

የግዕዝ ንባብ የራሱ ሥርዓት አለው። አንዳንዱ ቃል ድምፁ ተነሥቶ ይነበባል፤ እሱን ተነሽ ይሉታል። አንዳንዱ ደግሞ መጨረሻው ላይ ድምፁ ዝቅ ይላል፤ እሱን ወዳቂ ይሉታል። ሥላሴ ወዳቂ ነው፣ ሙሴ ወዳቂ ነው። የመውደቅና የመነሣት ነገር የለበትም፤ የድምፅ ነገር ነው። አንዱ ሲሳሳት የኔታ «ወዳቂ ነው!» ይላሉ፤ እኛም እርማታቸውን ተቀብለን ባንድ ድምፅ እንደግመዋለን። ልማዱ እንዲህ ነበር።

ከመካከላችን ደርሶ የሚባል ልጅ ነበር። «ስሙ ደርሶ ነው እንጂ እሱስ የትም አይደርስ» እያልን እናሾፍበታለን። ልበ ቅን ነው፣ ትጉህ ነው፣ ንባብ ግን እምቢ አለው። ያን ሰሞን የጳውሎስን መልእክት ይዘን ነበርና መጀመሪያው ላይ «ኀበ ሰብአ ሮሜ» ይላል፤ ወደ ሮም ሰዎች ማለት ነው። ሮሜ ወዳቂ ናት። ደርሶ ደግሞ ሮሜን በደረሰባት ቁጥር ወደ ላይ ያነሣታል።

የኔታ «ወዳቂ ናት!» ይላሉ።

እኛ «ሮሜ ወዳቂ ናት!» እንላለን፣ ተራራው እስኪመልስልን።

ደርሶ መልሶ ያነሣታል። እኛም መልሰን እንጮሃለን። ሰሞኑን ሁሉ ሥራችን ይኸው ነበር።

እንግዲህ አስቡት። መንገዱ የጣልያን መኪና የሚመላለስበት ነው። አርበኛው በእብናት በኩል ጣልያንን እንቅልፍ ነሥቶታል፤ ጣልያንም በየዛፉ ሥር አርበኛ የተቀመጠ ይመስለዋል። ያን ጊዜ ነው የጣልያኖቹ አስተርጓሚ በበቅሎ ሲያልፍ የሰማን። ሰውየው አማርኛ አሳምሮ ያውቃል፣ ቤተ ክህነት ደጅ ግን አልዋለም። ሮሜ ሮማ መሆኗን ያውቃል፣ ወዳቂ ምን እንደሆነም የሚያውቅ መሰለው። አላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል ይባል የለ? ሄዶ ለአለቃው ነገረ። «አንድ ቄስ መንገድ ዳር ሕፃናት ሰብስቦ ሮማ ትወድቃለች እያሰኘ ነው» አለ።

በማግሥቱ ጠዋት ወታደሮች መጡ። የኔታን ከተቀመጡበት አንሥተው እጃቸውን የፊጥኝ አሰሯቸው። ነጠላቸው መሬት ወደቀ፤ እኔ ነኝ ያነሣሁት። አገር ሰው ከየደጁ ብቅ እያለ ተመለሰ። አልፈርድበትም፣ ጊዜው እንዲያ ነበር። «እናንተ ልጆች፣ ወደየቤታችሁ!» አሉን።

አልሄድንም። ኋላ ኋላቸው እየተከተልን እስከ ከተማው፣ ጣልያኖቹ እስከሰፈሩበት ግቢ ደረስን። በር ላይ የቆመው ዘበኛ ያገራችን ሰው ነበር። ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ሂዱ ልጆቼ፣ እዚህ ምን ትሠራላችሁ? ለገበያ ቀን ሊሰቅሏቸው ነው» አለን። ደርሶ ይህን ሲሰማ መሬት ላይ ተቀመጠ። በእሱ ስሕተት መሆኑን ያውቃል፣ እኛም እናውቃለን። ማንም ግን ቃል አልተናገረውም።

ከዚያ ከመካከላችን አንዱ፣ ማን እንደሆነ ዛሬም አላውቅም፣ የዕለቱን ንባብ በቃሉ ጀመረ። ሌላው ተቀበለ። እኔም ተቀበልኩ። ሌላ ምን እናውቃለን? ብንለምን ቋንቋቸውን አናውቅ፣ ብናለቅስ ያባርሩናል። የምናውቀው የኔታ ያስተማሩንን ነበርና እሱን ጮህነው። ዘበኛው አለንጋውን አነሣና መልሶ አወረደው። ያንን ሳስብ አሁንም ደረቴ ይሞቃል። የማንም አዋቂ ምክር ሳይኖርበት፣ አፋቸው ወተት ወተት የሚሸት ልጆች ለመምህራቸው ብለው ደጅ ጠኑ።

ጩኸቱ የጣልያኖቹን አለቃ፣ ካፒታኖውን፣ ከቤት አወጣው። ወፍራም፣ መነጽር ያደረገ ሰው ነው። አስተርጓሚውም አብሮት አለ። አስገቧቸው አለና ገባን። የኔታ ግቢው መካከል መሬት ላይ ተቀምጠዋል፣ እጃቸው ከኋላ እንደታሰረ ነው። ሲያዩን ተቆጡ። «ማን ከትምህርት አስነሣችሁ?» አሉን።

ካፒታኖው በአስተርጓሚው አፍ «ሮማ ትወድቃለች ብለህ አስተምረሃል?» አላቸው።

«ትወድቃለች አላልኩም» አሉ የኔታ። «ወዳቂ ናት ነው ያልኩ።»

ወይ ጉድ! ይህ መልስ ነው? አባቴ ቢኖር ኖሮ አፋቸውን በእጁ ይይዝላቸው ነበር። የኔታ የድምፅ ነገር መሆኑን ሊያስረዱ ሞከሩ፤ አስተርጓሚው ግን ግማሹን አልተረጎመውም፣ ግማሹም አልገባው። ካፒታኖው ራሱን ነቀነቀ።

እኔ እንግዲህ ከልጅነቴም ምላሴ አያርፍም ነበር። «ጌታዬ፣ ሥላሴም እኮ ወዳቂ ነው! ሙሴም ወዳቂ ነው!» አልኩት አስተርጓሚውን። «ሥላሴ ይወድቃል የሚል ቄስ አለ?»

አስተርጓሚው ተረጎመለት። ካፒታኖው አፍጥጦ አየኝ፤ ቀጥሎ የኔታን አየ። ትንሽ ያሰበ መሰለኝ። ወዲያው ግን «አስጠንቷቸዋል፣ በሉ ያላቸውን ነው የሚሉ» አለ። ዞር ዞር ብሎ ሲያየን ቆየና ከሁላችን ኋላ የተደበቀውን ደርሶን በጣቱ ጠቆመው። «እሱ ያንብብ» አለ።

የፈሩት ይደርሳል የሚሉት ይህን ነው። ከዚያ ሁሉ ልጅ መካከል ደርሶ!

ከአንዳችን መጽሐፍ ተቀብለው ሰጡት። መጽሐፉን እኔ ያዝኩለት። በልቤ ድንግል ማርያምን እለምናለሁ፤ እባክሽ ዛሬ ብቻ፣ ዛሬን ብቻ ሮሜን ጣይለት እላለሁ። አስተካክሎ ቢያነብ ካፒታኖው የኛን ነገር የሚያምን መስሎኝ ነበር። ደርሶ ጀመረ። «ኀበ ሰብአ» አለ። ላብ በግንባሩ ወረደ። «ሮሜ» አለና ሰማይ ድረስ አነሣት።

«ወዳቂ ናት፣ አንተ!» አሉ የኔታ ከተቀመጡበት።

እኛም፣ ምን ነካን እላችኋለሁ፣ ሳናስበው ተቀብለን «ሮሜ ወዳቂ ናት!» ብለን ጮህን።

የኔታ ምን እንዳሉ የገባቸው ያን ጊዜ ይመስለኛል፤ ዓይናቸውን ጨፈኑ። እኔ አበቃ አልኩ። እኛው በአፋችን ገደልናቸው አልኩ።

ካፒታኖው ወደ አስተርጓሚው ዞሮ አንድ ነገር ጠየቀው። ሰውየው ደርሶን ያያል፣ የኔታን ያያል። ፊቱ ደም የለውም። ኋላ ላይ መለሰለት፤ ያለውን የነገረን ያው ዘበኛ ነው፣ የጣልያን አፍ ለምዷል። አስተርጓሚው «ልጁ በድምፁ ሲሳሳት ቄሱ አረመው። እኔ ነኝ የተሳሳትኩ» ነው ያለው። በዚያ ቦታ፣ በዚያ ሰዓት፣ ተሳሳትኩ ማለት ለእሱም ቀላል አልነበረም። ክፉ ሰው ነው ብዬ ጠልቼው ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ግን አላማሁትም።

ካፒታኖው ደርሶን ትኩር ብሎ አየው። ልጁ እያለቀሰ፣ ግን ማንም ሳይነግረው፣ ንባቡን ከመጀመሪያው ጀምሮ ሊያርም «ኀበ ሰብአ» ማለት ጀምሯል። በኛ ቤት የታረመ ተማሪ መልሶ ሳያነብ አያልፍም። ካፒታኖው ሳቀ። ሆዱ እስኪንቀጠቀጥ ሳቀ። እሱንም በልጅነቱ ባገሩ አንድ ቄስ ላቲን ሲያስተምረው፣ ድምፅ ሲስት ጣቱን በበትር ይለው እንደነበረ ተናገረ። እጁንም ዘርግቶ አሳየን። አንገቱ ላይ ገመድ ሊገባ የተቀመጠ ሰው ለፖለቲካ ብሎ እንዲያ እንደማይል፣ መምህር ብቻ እንደሚል ገባው መሰለኝ። የኔታን ፈቷቸው አለ። መንገድ ዳር ደግሞ ሁለተኛ እንዳናነብ ከለከለን።

ወደ አገራችን ስንመለስ የኔታ ከፊት፣ እኛ ከኋላ ነን። ደርሶ እየተንሰቀሰቀ ከኋላ ቀረ። የኔታ ቆመው ጠበቁት።

«የኔታ፣ ላስገድልዎ ነበር» አላቸው።

«አንተ ልጅ» አሉት፣ «አስተካክለህ ብታነብ ኖሮ ነበር የምሞተው።»

እጃቸውን ራሱ ላይ አድርገው ሄዱ። ገመዱ አንጓቸው ላይ ያወጣው ሰንበር ያን ጊዜ ታየኝ።

በማግሥቱ ከመንገዱ ርቀን ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ተቀመጥን። ደርሶ ተራው ደረሰ። ሮሜ ላይ ሲደርስ አሁንም አነሣት። የኔታ ወደ መንገዱ አየት አደረጉ፣ ከዚያ ጎንበስ ብለው በጆሮው «ወዳቂ ናት» አሉት በሹክሹክታ። እኛም ተቀብለን በሹክሹክታ ደገምነው። ደርሶ መልሶ አነበበ፤ ጣላት። ለመጀመሪያ ጊዜ አስተካክሎ ጣላት። የኔታ ነጠላቸውን ሰብስበው ፊታቸውን ሸፈኑ፤ ትከሻቸው ይንቀጠቀጥ ነበር።

ብዙ ዓመት አልፎታል። ጀግና ሲባል ሰው ጠብመንጃ የያዘውን ያነሣል፤ እውነት ነው፣ ክብር ይገባዋል። እኔ የማውቀው ጀግና ግን እጁን ታስሮ መሬት ላይ የተቀመጠ ሰው ነው። በዚያ ሰዓት ካፒታኖውን ረስተው፣ ገመዱን ረስተው፣ ከኛ ሁሉ ደካማ የነበረውን ልጅ ንባብ ያዳምጡ ነበር። እንዲህ ካለ መምህር እግር ሥር ስለተቀመጥኩ እስከ ዛሬ ኩራት ይሰማኛል፤ ዓይኔ እያነሰ እንኳ ዳዊቴን ሳነብ አንዲት ድምፅ እንዳልስት እጠነቀቃለሁ።