አዳዳ ያረደችልን ቀን

የልጅ ልጆቼ «ሽርሽር» እያሉ ለስላሳና ብስኩት ተሸክመው ሲወጡ ሳይ ሳቄ ይመጣል። ኧረ ተዉኝ! ሽርሽርስ እኔ ነኝ ያየሁት። ያኔ ጎባ ገና ምሽግ ነበረች፤ ጥቂት የወታደር ጎጆ፣ አንድ ቤተ ክርስቲያን፣ የቀረው ጭቃና ጉም። እኛ «ሜዳ መውረድ» ነበር የምንለው። ጉሙ ገለጥ ሲል በጦጎና ወንዝ ዳር ወዳለችው ጨፌ እንወርዳለን። ትልቅ የኮሶ ዛፍ አላት፣ ከሥሩ ምንጭ ይፈልቃል፣ ሣሩማ አቤት ሲመች! በማር የታሸ በሶ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ጥቅምት ሲሆን ደግሞ እዚያው እሳት ላይ የተለበለበ የገብስ እሸት። እጃችን ከሰል እስኪመስል እያሸን፣ ገለባውን እፍ እያልን፣ ሳይበርድ እንቅመዋለን። ከዚያ የሚጥም ነገር እስከ ዛሬ አፌ አልገባም፤ የሚከራከረኝ ካለ ይምጣ።

ጨፌዋ የኛ ነበረች። የኛ ስል፣ አባቴ ከሸዋ ከዘመተው ጦር ጋር መጥቶ ሲሰፍር የተሰጠችው ማለቴ ነው። ከዚያ በፊት የአዳዳ አባት ከብቶች ይውሉባት ነበር። አዳዳ ጎረቤታችን ናት። ቃሉ በኦሮምኛ የአባት እህት ማለት ነው፤ የወንድሟ ልጆች ሲጠሯት ሰምቼ እኔም አዳዳ አልኳት፣ በዚያው ቀረ። እሷ ግን እናቴን «ጊፍቲ» ትላታለች፤ እመቤት ማለቷ ነው። እናቴ መጠሪያውን አትወደውም። ከዘመድ ተነጥላ በመጣችበት በዚያ ብርድ አገር፣ ከአዳዳ ሌላ የልቧን የምታጫውተው ሰው አልነበራትም።

ጣጣው ምግብ ነበር። አንዴ አዳዳ ወተት ይዛ መጣች፤ ቀኑ ዓርብ ሆነና እናቴ አልጠጣችም። ሌላ ጊዜ ለአረፋ የበግ ሥጋ ላከችልን፤ እናቴ በሐፍረት ቀልታ መለሰችው። እስላም ያረደውን ከበላች፣ የነፍስ አባቷ «ማተብሽን በጠስሽ» ይሏታል። አዳዳም እኛ ያረድነውን አትነካም።

ታዲያ አንድ የጥቅምት ቀን አዳዳ ከአጥራችን ውጭ ቆማ፣ ፊቷ እየበራ፣ «ጊፍቲ፣ ነገ ጨፌ ና! እኔ ለአንቺ ያርዳል!» አለቻት። አማርኛዋ ገና መማሯ ነው፤ የእናቴ ኦሮምኛም ከዚያ አይሻልም። እናቴ እሺ ብላ ገባችና መደቡ ላይ ዘፍ አለች።

«የመድኃኔዓለም ያለህ! አሁን ምን ይውጠኛል? ከበላሁ ማተቤን፣ ካልበላሁ እሷን ላጣ ነው። አሁንም ከመለስኩባት ደግማ ደጄን አትረግጥም።»

«በጥቅምት አንድ አጥንት ይባል የለ? ምን ያስለቅስሻል?» አለ አባቴ ሊያስቃት። አልሳቀችም።

እኔ ግን ደስታው መቀመጫ ነሣኝ። ሜዳ ልንወርድ ነው! በግም ታረደ ፍየል፣ እኔ ምን ቸገረኝ? እሸቱ አለ፣ በሶው አለ። ጠዋት እናቴ በሶውን እጥፍ አድርጋ አሸች። «ጠግቤአለሁ» ለማለት እንዲመቻት ነው፤ ልጅ ብሆንም ነገሩ ገብቶኛል።

ቁልቁለቱን በሩጫ ጨርሼ ከኮሶው ሥር ስደርስ የታሰረ በግ ፈለግሁ። የለም። ፍየልም የለም። ኧረ ዶሮ እንኳ የለም! እሳት ተያይዟል፣ ቅቤ በሸክላ ድስት ይቀልጣል፣ በቃ። አዳዳ እስከ ጨፌዋ ዳር መጥታ እናቴን በሁለት እጇ ተቀበለቻት። «ኬሱማ ኮ!» አለቻት፤ እንግዳዬ ማለት ነው። ጊፍቲ አላለቻትም! እናቴ ዞር ብላ አየችኝ፤ እሷም ሰምታዋለች። ለካ አዳዳ በአባቷ ሣር ላይ ባለቤት ሆና ሰው ልታስተናግድ ኖሯል። እናቴ ካልበላች ግን እንግዳ አይደለችም፤ የባለመሬቱ ሚስት ናት።

አዳዳ ወንድሟ ከሃረና ጫካ ያመጣላትን ቡና ከስልቻ አወጣች፤ ከነገለፈቱ የደረቀ ነው። አንዷን ፍሬ በጥርሷ ጫፏን ቀጭ አድርጋ ቅቤው ውስጥ ጣለቻት። ሁለተኛዋን ቀጭ። ሦስተኛዋን ቀጭ።

«ምን እያደረግሽ ነው?» አለች እናቴ።

«ያርዳል!» አለችና ጣቷን በገዛ አንገቷ ላይ አሳለፈች።

ድስቱ ውስጥ ፍሬዎቹ ጧ፣ ጧ ማለት ጀመሩ። እኔ ጮህኩ፦ «እማዬ፣ ቡና ነው የምታርደው! በግ አይደለም፣ ቡና!» እናቴ ሣሩ ላይ ተቀምጣ እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች። ሌሊቱን ስትጨነቅ ያደረችው ለቡና ነው!

አዳዳ ግን ሳቋን ገታ አድርጋ በኦሮምኛ ተናገረች፤ እኔ ለእናቴ በአማርኛ መለስኩላት። «በኛ ዘንድ ቡናም ይታረዳል፤ ለእንግዳ አለማረድ ነውር ነው። በግ ባርድ አንቺ አትበዪም፤ አንቺ ብታርጂ እኔ አልበላም። ቡና ደም የለውም፤ የማንንም ማተብ አይበጥስም። ከአባቴ ወዲህ እዚህ ሣር ላይ እንግዳ ተቀብዬ አላውቅም።»

እናቴ የሳቅ እንባዋን ጠረገች። ከዚያ፣ «የነፍስ አባቴ ስለ ሥጋ እንጂ ስለ ቡና አንድም ቀን አልተናገሩኝም» አለችና አዳዳ በእንጨት ገበታ ካወጣችው ቡና ዘግና ጎረሰች። እሰይ! እኔም ተሻማሁ። ይመራል፣ ቅቤው ጉሮሮ ያርሳል፤ ከገብስ ቆሎ ጋር ሲታኘክማ አይጣል ነው!

ከዚያ እናቴ ከስልቻው አንድ ፍሬ አነሣች። ጫፉን በጥርሷ ቀጭ አድርጋ ድስቱ ውስጥ ጣለችው። «ይኸው፣ እኔም አረድኩልሽ» አለች። አዳዳ ፍሬው ጧ እስኪል ጠብቃ በማንኪያ አወጣችው፣ እፍ እፍ አለችና በላችው።

ከዚያ ወዲህ ሜዳ ስንወርድ እናቴ አዳዳ «ታኢ» ካላለቻት፣ ተቀመጪ ማለት ነው፣ አትቀመጥም። አባቴ ይበሽቃል። «በገዛ መሬትሽ ቆመሽ ማንን ነው የምታስፈቅጂው?»

«የበላሁበትን ቤት አውቃለሁ» ትለዋለች። እንደቆመችም ትጠብቃለች።