ድራኔ እስከ ድልድዩ የሸኘችው እንግዳ

እ.ኤ.አ. መጋቢት 14 ቀን 1929 አክስቴ ድራኔ ስትሞት የሽመና ዕቃዋ ላይ ገና ያላለቀ ቀይና ጥቁር መቀነት ቀረ። ለማን እየሠራችው እንደነበር የሚያውቅ ሰው አላገኘሁም። ጠይቄያለሁ።

በቀብሯ ላይ ስለ እሷ ሁለት ነገር ሲባል ሰማሁ። ቄሱ «ለነፃነታችን የታገለን ጀግና ከሞት ያተረፈች እናት» አሉ። ከኋላዬ የቆሙ ሁለት ሴቶች ደግሞ «ጠመንጃችንን ለቱርክ ያስያዘችው ይህችው አይደለች?» ተባባሉ፤ ድምፃቸውን ዝቅ እንኳ አላደረጉም። ሁለቱም ልክ አይደለም። ወይም፣ ሥራዬ መዝገብ መጠበቅ ስለሆነ ጠንቀቅ ብዬ ልናገርና፣ ሁለቱንም ማንም ሊያረጋግጥ አይችልም። እዚህ የምጽፈው ከራሷ አፍ የሰማሁትን፣ ከዚያም በየመንደሩ ከጠየቅኳቸው ሰዎች ቃል ጋር ያመሳከርኩትን ነው።

ድራኔ የእናቴ ታላቅ እህት ነበረች። ከአልባኒያዋ ከተማ ከሽኮድራ በላይ ባለው ተራራ ብሬጋ ወደምትባል መንደር ተዳረች። ባሏ ሉላሽ ልጅ ሳይወልዱ በሞንቴኔግሮ ድንበር ላይ ተገደለ። የሞተው ያኔ ይገዛን ከነበረው ከቱርክ ሱልጣን ወታደሮች ጎን ተሰልፎ ነው። እሷም የነጭ ሱፍ ቆብ እየሠራች፣ መቀነት እየሸመነች የባሏን ቤት ጠብቃ ቀረች። በሕጋችን ግን ቤቱ የባሏ ወንድም የንዶክ ነበር። እሱ እስከፈቀደ ድረስ ትኖራለች፤ ካልፈቀደ ወደ አባቷ ቤት ትመለሳለች። አባቷ ቤት ደግሞ የቀረ ሰው አልነበረም።

በ1910 በጋ መንግሥት የተራራውን ሰው ሁሉ ጠመንጃ አስረክብ አለው። ወንድሙን ለሱልጣኑ የገበረው ንዶክ አሁን ጠመንጃውን ከሱልጣኑ መደበቅ ግድ ሆነበት። የብሬጋ ሰዎች አሮጌ አሮጌውን አስረከቡና ደህና ደህናውን በቤተ ክርስቲያኑ መቃብር ቦታ ቀበሩት። አፈሩን ከምረው የእንጨት መስቀል ተከሉበት። የሞተ ሰው ግን አልነበረም። ከዚያ ወዲህ በመንደሩ ማንም ማንንም አላመነም። ገበያ ወርዶ የተመለሰ ሰው «ከማን ጋር ስታወራ ነበር?» ይባላል፤ ያልወረደ ደግሞ «ለምን ቀረህ?» ይባላል።

እንግዳው የመጣው በዚህ መሃል ነው። ቀትር ላይ፣ ዝናብ እየዘነበ፣ ከአጥሩ ውጭ ቆሞ እንደ ደንቡ ተጣራ።

«የቤቱ ጌታ! እንግዳ ትቀበላለህ?»

«የቤቱ ጌታ ሞቷል» አለች ድራኔ ከውስጥ፤ «ቤቱ ግን አለ። ግባ።»

ጠመንጃውን ተቀብላ ግድግዳው ላይ ሰቀለችው። በእኛ ዘንድ ነገሩ የሚያልቀው እዚያ ላይ ነው፤ ጠመንጃህን የሰቀለልህ ቤት ደምህን ተሸክሟል። ስሙን አልጠየቀችውም፤ እንግዳ ስሙን አይጠየቅም። የበቆሎ ዳቦ፣ አይብና እርጎ አቀረበችለት። ዓይኗ ግን ሥራውን አልተወም። የደረበው የእረኛ ካባ ነው፤ የተጫማው የጦር ሠራዊት ቦት ጫማ። የሚናገረው የእኛኑ ቋንቋ ነው፤ አነጋገሩ ግን የደቡብ ሰው። ሊበላ ሲል አላማተበም።

ከጠገበ በኋላ «እህቴ፣ በቤተ ክርስቲያኑ በኩል ሳልፍ አዲስ መቃብር አየሁ። እግዜር ያጽናችሁ» አላት።

«አሜን» አለች። ኋላ ስትነግረኝ፣ «በእጄ የያዝኩትን ዋንጫ አስቀመጥኩት፤ ባላስቀምጠው ይወድቅ ነበር» አለች።

ዝናቡ ሳያባራ ንዶክ ደረሰ። ጎረቤቷ ቶሽም አብሮት ነበር፤ ለቅሶ ቤት እንኳ ተቀምጦ ሰው የሚያስቅ ሰው ነው። እንደሚገባው «ደህና መጣህ» ብለው ተቀመጡ።

«ጫማህ ያምራል» አለ ቶሽ። «ሱልጣኑ በባዶ እግሩ ቀርቶ ይሆን?»

እንግዳው ሳቀ። «ከጦሩ ከድቼ ነው የመጣሁት። ጫማውን ትቼላቸው ልምጣ?»

«ሱልጣኑን የከዳ ሰው እኛን ለመክዳት ምን ያህል ይቸግረዋል?» አለ ንዶክ።

«እኔም እንደናንተው አልባኒያዊ ነኝ፣ ወንድሜ።»

«አልባኒያዊ!» አለ ቶሽ። «እኔን ግብር ሰብሳቢው ከሃዲ ይለኛል፤ ሞንቴኔግሮዎች ቱርክ ይሉኛል፤ ሚስቴ ደግሞ አህያ ትለኛለች። አልባኒያዊ ያለኝ አንተ የመጀመሪያው ነህ።»

«አንተስ ራስህን ምን ትላለህ?»

«እኔማ የብሬጋ ሰው ነኝ።»

ንዶክ አልሳቀም። ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ጠመንጃ እያየ ነበር። በዝናብ የመጣ ጠመንጃ ነው፤ ብረቱ ግን ገና ትናንት የተወለወለ ይመስላል። ከድቶ ጫካ ለጫካ የከረመ ሰው ጠመንጃ እንደዚያ አያበራም። ተነስቶ ድራኔን ወደ ደጅ ጠራት።

«የወንድሜ ሚስት፣ ይሄን ሰውዬ ከየት አመጣሽው?»

«ከበሩ።»

«ቀልዱን ለቶሽ ተይለት። መቃብሩ ጋ ቆሞ ሲያይ ቶሽ በዓይኑ አይቶታል።»

«ለሟቹ እየጸለየ ይሆናል።»

«ለየትኛው ሟች? ሙስሊም ቆሞ የሚጸልይለት ሟች መቼ ኖሮን ያውቃል? ጆሮ ጠቢ ነው።»

«ሊሆን ይችላል።»

«እንግዲያው ስሚኝ። እኔ ደንብ አላፈርስም፤ አንቺም አታፈርሺም። በልቷል፤ ዝናቡ ሲያባራ ይሄዳል። እስከ ደጁ ሸኚው። ደጁ ላይ ጀርባሽን አዙሪና ግቢ። ከዚያ ወዲያ ያንቺ እንግዳ አይደለም። የቀረውን ጅረቱ ጋ እኛ እንጨርሰዋለን።»

ሕጉ እንዲህ ነው፤ አሳምሬ አውቀዋለሁ። እንግዳ በቤቱ ጥበቃ ስር የሚቆየው ሸኚው ጀርባውን እስኪያዞር ድረስ ነው። ንዶክ ደንብ ተላለፊ አላላትም፤ ቶሎ ተመለሺ ብቻ ነው ያላት። የእኛ ሰው ሲያጠፋ እንዲህ ነው የሚያጠፋው፤ ደንቡን ሳይነካ።

«ራቅ አድርጌ ብሸኘውስ?»

«የማን ወገን እንደሆንሽ ታወቀ ማለት ነው። ቤቱ የእኔ ነው፣ ድራኔ። በዚህ መንደር ፍም እንኳ የሚያበድርሽ አይኖርም።»

ዝናቡ አባራ። ንዶክና ቶሽ ቀድመው ወጡ። ድራኔ ጠመንጃውን ከግድግዳው አውርዳ ለእንግዳው ሰጠችው፤ እንዝርቷን አነሳችና ከፊቱ ወጣች። ደጁ ላይ ቆመች። ጅረቱ አጠገብ ካለው ቋጥኝ በላይ የነጭ ቆብ ጫፍ ታያት። «የንዶክ ቆብ ነው፤ እኔው ነኝ የሠራሁለት» አለችኝ።

ምን እያሰበች እንደቆመች ጠይቄያታለሁ። «ቤቱን ነው ያሰብኩት» አለች። «ጣራውን አሰብኩ፤ ክረምቱን አሰብኩ። ሰውዬውንማ ምን ብዬ አስበዋለሁ? አላውቀውም።»

ከዚያ ሱፏን እየፈተለች መንገዱን ያዘች። በእኛ ተራራ ከሴት ኋላ የሚሄድን ወንድ የሚተኩስበት የለም፤ የተኮሰ እንደሆነ ከወንድ አይቆጠርም። ቋጥኙ ስር ስትደርስ አላፈጠነችም፤ ቀናም አላለችም። ንዶክ አልተኮሰም።

«እህቴ፣ አይተሻቸዋል?» አለ እንግዳው ካለፉ በኋላ።

«ወደፊት እያየህ ተራመድ።»

«ለምን ታተርፊኛለሽ?»

«ዳቦዬን በልተሃል።»

«ጆሮ ጠቢ ብሆንስ?»

«ብትሆንም ዳቦው ከሆድህ አይወጣም።» ጥቂት ሄደው ግን፣ እንግዳን መለመን ነውር መሆኑን እያወቀች፣ ለመነችው። «አንድ ነገር ቃል ግባልኝ። ስለ መቃብሩ ለማንም አታውራ።»

«የቱ መቃብር?» አለ እንግዳው።

ይህችን መልስ ብዙ ጊዜ አስደግሜያታለሁ። እየሳቀ ነው ያለው? ኮስተር ብሎ? «ከፊቱ ነበርኩ፤ ፊቱን አላየሁም» ትለኛለች። «ቃሉን እየሰጠኝ ይሁን እያላገጠብኝ እስከ ዛሬ አላውቅም።» የሌላው ጎሳ መሬት የሚጀምርበት ድልድይ ላይ ተለያዩ። ተሻግሮ ከዓይኗ እስኪሰወር ጠብቃ ተመለሰች።

ወሩ ሳያልቅ ወታደሮች መጡ። ቤት ለቤት አልፈተሹም። በቀጥታ ወደ መቃብሩ ቦታ ሄደው መስቀሉን ነቀሉና ቆፈሩ። ጠመንጃዎቹን በበቅሎ ጭነው ወሰዱ፤ ንዶክን ሰው እያየው ገረፉት።

ንዶክ ጀርባው ሳይድን ድራኔን ከቤቱ አስወጣት። ቄሱ በቤተ ክርስቲያኑ መሬት ጥግ ላይ ጎጆ እንድትቀልስ ፈቀዱላት። ምድጃዋ ሲጠፋ ፍም የሚሰጣት፣ ስትታመም ደጇን የሚያንኳኳ፣ ለቅሶ ስትሄድ ጠጋ የሚልላት አልነበረም። በሚቀጥለው ዓመት ተራራው ሲያምፅ ወታደሮች ብሬጋን አቃጠሉ፤ የእሷንም ጎጆ አልማሩም። ቶሽ «ለማስመሰል ነው ያቃጠሉላት» አለ። ሰዉ ሳቀ፤ አመነም።

እናቴ ድራኔን ወደ ሽኮድራ መጥታ ከእኛ ጋር እንድትኖር ስንት ጊዜ ለመነቻት። «ከሄድኩ እውነት ነበር ይላሉ» እያለች እምቢ አለች። ከተቃጠለው እንጨት የተረፈውን ለቅማ እዚያው ቦታ ላይ ሌላ ጎጆ ቀለሰች። ከቆብ ሥራዋ የሚገዛት የሩቅ መንደር ሰው ብቻ ነበር። ብሬጋዎች በራሳቸው ላይ የእሷን ቆብ እያደረጉ ይጠሯት የነበረው «ያቺ» እያሉ ነው።

እኔ በዚያን ጊዜ ኦስትሪያ፣ ግራትስ ዩኒቨርሲቲ ነበርኩ። ተምሬ ስመለስ ሱልጣኑ ሄዷል፣ አገሩ ባንዲራ አውጥቷል። እሷን መጠየቅ ስጀምር መጀመሪያ ያለችኝ «ማን ልኮህ ነው?» ነው። የእህቷ ልጅ መሆኔ አልበቃትም። ጎጆዋ ውስጥ ስለዚያ ቀን አትናገርም፤ ሜዳ ላይ ወጥተን፣ ዙሪያዋን ቃኝታ ነው የምትነግረኝ። ሰው ሲጠረጥራት ኖሮ እሷም ሰውን መጠርጠር ለምዳለች።

ከዚያ ሌሎቹን መንደሮች ዞርኩ። በዚያው በጋ በአቅራቢያው በሦስት መንደሮች ጠመንጃ በሐሰት መቃብር ተቀብሮ ነበር። እያንዳንዱ መንደር ዘዴውን ያሰበው እሱ ብቻ ይመስለዋል። በሁሉም ወታደሮቹ የሄዱት ወደ አዲስ መቃብር ነው። በአንደኛው መንደር በቅርቡ የተቀበረች እውነተኛ ሟች ቆፍረው አውጥተዋል። እንግዲህ የብሬጋን ጠመንጃ ለማግኘት የግድ ጆሮ ጠቢ አያስፈልግም። ይህን ለንዶክ ነገርኩት። እስከ መጨረሻው አዳመጠኝና «የሦስቱን መንደር ማን ነገራቸው ታዲያ? እሱ አይደለም?» አለኝ።

እንግዳው ምንም ያላደረገ ሰው ሊሆን ይችላል፤ አራቱንም መንደር ዞሮ ያየ ሰው ሊሆን ይችላል።

ኋላ ሁሉም ሰው ድሮም አርበኛ ነበርኩ ማለት ሲጀምር ንዶክ ስለ ግርፋቱ ሜዳሊያ ተሰጠው። ቀጥሎ የድራኔ እንግዳ በደቡብ ትልቅ የጦር አለቃ ሆኗል የሚል ወሬ ተነሳ። ወሬውን ማን እንዳነሳው አልደረስኩበትም፤ ቶሽን እጠረጥራለሁ። «ስሙ የማይታወቅ ሰው አለቃ መሆኑ በምን ታወቀ?» ብዬ ስጠይቅ ሰው ተቀየመኝ። ፍም ሲነፍጓት ከነበሩት አንዳንዶቹ አሁን ደጇ እየመጡ «አክስታችን፣ ልጃችንን ጦሩ ውስጥ እንዲያስገባልን ላኪበት» አሏት።

«ማን ብዬ ልላክበት?» አለቻቸው።

ሆን ብላ የደበቀቻቸው መሰላቸውና እንደገና ራቋት።

በሞቷ ዋዜማ ግማሽ ጆንያ በቆሎ ተሸክማ ወደ ውሃ ወፍጮው ወረደች። ወፍጮው የቶሽ ነው። ድሮ እዚያ ቀድማ ብትደርስ እንኳ ኋላ የመጣው ያልፋት ነበር። እሷም አመድ ይቀላቅሉብኛል ብላ ዱቄቷ ተፈጭቶ እስኪያልቅ ከድንጋዩ አጠገብ አትለይም ነበር። ያን ቀን ሌላ ሰው አልነበረም። የነገረኝ ራሱ ቶሽ ስለሆነ በዚያው ልክ ይታመን።

«ድራኔ» አላት ውሃውን እየለቀቀ፣ «ሁለታችንም አርጅተናል። እንደው እውነቱን ነግረሽኝ ልሙት። ሰውዬው ማን ነበር?»

«እንግዳ።»

«እሱንማ አየሁት። የማን ሰው ነበር?»

«አልጠየቅኩትም።»

«ምነው አንድ ቃል ብትጠይቂው ኖሮ? ያን ሁሉ ዓመት ባልተቃጠልሽ።»

«አንተ ቤትህ የገባውን ትጠይቃለህ?»

ቶሽ እህሏን ጨመረ፤ ድንጋዩን አየ። «አልጠይቅም» አለ በመጨረሻ።

ፈጨላት። «የወፍጮውን ድርሻ እንደማንኛውም ሰው ነው የወሰድኩባት፤ አላበዛሁም» አለኝ። ሌላ ጊዜ ያበዛባት እንደነበር ያወቅኩት ያኔ ነው።

ድራኔ ዱቄቷን ተሸክማ ዳገቱን ወጣች። ሣጥኑ ውስጥ ገለበጠችው፤ ጆንያውን አራገፈች፤ አጠበችና አጥሩ ላይ አሰጣችው፤ ለቀብሯ ስንመጣ ገና እዚያው ነበር።