ለፈረስ አሸዋ የሚያድሉት ሰው

የአንድ ሰው ዕድሜ ተሰብስቦ ቢታይ ምን ይወጣዋል? የአቶ ተክለጻድቅ ዕድሜ ቢሰበሰብ አብዛኛው የፈረስ ሩጫ ነው። መሐል ሜዳ ላይ በጥምቀት ማግስት በሚደረገው ግልቢያ፣ ለፈጣኑ ፈረስ ብዙ፣ ለዘገምተኛው ጥቂት አሸዋ በከረጢት እያስጫኑ ሁሉም ተስፋ ይዞ እንዲነሳ ሲያመዛዝኑ ኖረዋል። ለሰውስ፣ ሲወለድ እንዲህ የሚያመዛዝንለት ቢኖር እያሉ ይቆዝማሉ።

የኮምፒውተር አስተማሪዋ ልጃቸው ሳሌም ስሌታቸውን ስልክ ላይ አስገባችው። ስልኩ ያለፉትን ውጤቶች አይቶ የየፈረሱን ሸክም ይናገራል። ዘንድሮ ግን ነገሩ ጠንከር ያለ ነበር። ከባለፈረሶቹ የአንዱ፣ የመኳንንት፣ ቦራ ፈረስ ደጋግሞ በመቅደሙ፣ ሌሎቹ ባለፈረሶች «አሁንም እሱ ከቀደመ ከእንግዲህ አንመጣም» ብለዋል። ያ ሆነ ማለት ሩጫው ቀረ ማለት ነው።

በሩጫው ዋዜማ፣ ዝናብ በማይጠበቅበት በጥር ወር፣ ዶፍ ወረደ። ጠዋት ሜዳው ጭቃ ሆኖ ተገኘ፤ ስልኩ ግን የአምናውን ሸክም ደገመ።

«ልጄ፣ ይሄ ዕቃ ጭቃ ረግጦ ያውቃል?» አሉ አቶ ተክለጻድቅ።

«አያውቅም አባዬ። እስከ ዛሬ የሰጠነው ደረቅ ሜዳ ብቻ ነው።»

«የቦራው ኮቴ ሰፊ ነው፤ አይሰምጥም። የሚሰምጡት ሌሎቹ ናቸው።»

«ታዲያ እናስረግጠዋ!»

አባትና ልጅ ሜዳውን በተረከዛቸው እየወጉ ዞሩ። እሳቸው የመሬቱን ልስላሴና የየፈረሱን ኮቴ ሲነግሯት፣ እሷ ስሌቱ ላይ ጨመረች። የሌሎቹ ሸክም ቀለለ፤ የቦራው ከበደ።

«ጋሼ፣» አለ መኳንንት ከረጢቱን እያየ፣ «ፈረሴን ሊያስሮጡት ነው ወይስ ሊቀብሩት?»

«እንግዲህ ስትሮጥ ይታያል!»

ሲጋለቡ ጭቃው እስከ ተመልካቹ ተረጨ። የሌላው ባለፈረስ የትዕዛዙ ዳማ ፈረስ ቦራውን በአንገት ያህል ቀደመው፤ ሌሎቹም ተከታትለው ደረሱ። ሜዳው በእልልታ ተናወጠ። ባለፈረሶቹ ስለ ከርሞ መፎካከር ጀመሩ፤ መኳንንትም ሳይቀር «ለከርሞ ትዕዛዙን ጭቃ አበላዋለሁ!» እያለ ይስቅ ነበር።

አቶ ተክለጻድቅ ደስ ቢላቸውም አንድ ነገር ከነከናቸው። ዳማውን ያስቀደመው ስሌቱ ይሁን ዕድል በምን ይታወቃል? እናም ለመኑ፦ «እባካችሁ፣ ጭቃው ሳይደርቅ፣ ነገ ስልኩ ጠዋት መጀመሪያ በተናገረው ሸክም አንዴ ሩጡልኝ።»

«ኧረ ጋሼ፣ ዛሬውን እንኳ በስንት መከራ!» አለ ትዕዛዙ። ሁሉም እየሳቁ ፈረሳቸውን ወደየቤታቸው ነዱ። በማግስቱ ሜዳው ላይ አንድም ፈረስ አልመጣም።