በእጅጌዬ የጠረግሁት መልስ

አዳማ ባቡር ጣቢያ ሥራ የገባሁ ቀን አንዲት ጥቁር ሰሌዳና ጠመኔ ሰጡኝ። ሥራዬ ቆጣሪነት ነው፤ ባቡር ላይ የሚጫነውን ጆንያ መቁጠር፣ በክብደቱ ማባዛት፣ ድምሩን ለመጋዘኑ ሹም ለባላምባራስ ማሳየት። ጣሊያን ገና አልገባም ነበር።

የምናባዛው በገበያ ደንብ ነው። የግራውን ቁጥር አንድ እስኪደርስ በግማሽ በግማሽ እናወርዳለን፣ ትርፍ ከመጣ እንጥላለን፤ የቀኙን እጥፍ እጥፍ እናደርጋለን። ግራው ጥንድ የሆነበትን፣ ማለት ያለ ትርፍ ለሁለት የሚከፈልበትን መስመር እንጠርጋለን፣ ጎዶሎ የሆነበትን እናስቀራለን። መጨረሻ ላይ በቀኝ የተረፉትን መደመር ነው።

ገመዳ የሚባል ቆጣሪ ከሞጆ እስኪመጣ ድረስ በዚህ የሚቀድመኝ አልነበረም። ጠዋት ጠዋት በኦሮምኛ «አካም ቡልቴ!» ብሎ እንዴት አደርክ ይለኛል፤ እኔ አንገቴን ብቻ እነቀንቃለሁ። ምን እደብቃለሁ፣ ቅናት ያንገበግበኝ ነበር። ሰውየው ሲያባዛ ከንፈሩ እንኳ አይንቀሳቀስም! ተሸካሚዎቹ «ገመዳ ይቁጠርልን» ያሉ ቀን ምሳ አልበላሁም።

የቆጣሪዎቹ አለቃ ታሞ ሥራ ሲለቅ ባላምባራስ ሁለታችንን ጠሩን።

«32,768ን በ27 አባዙ። ትልቁን በግራ አድርጋችሁ ግመሱ። ቀድሞ ትክክሉን ያሳየኝ አለቃ ይሆናል።»

መገመስ ጀመርኩ። ራሱ 32,768 ጥንድ ነው፤ በእጅጌዬ ጠረግሁት። 16,384 ጥንድ። 8,192 ጥንድ። 4,096፣ 2,048፣ 1,024... ኧረ ይሄ ቁጥር ጎዶሎ የሚባል አያውቅም እንዴ! አሥራ አምስት ጊዜ ገምሼ አንድ ላይ ደረስኩ። ሰሌዳዬ ላይ አንዲት መስመር ብቻ ቀረች፤ በግራ 1፣ በቀኝ 884,736።

ወደ ገመዳ ሰረቅ አድርጌ አየሁ። እሱም ያችኑ ቁጥር ይጽፋል፤ የመጨረሻዋ 6 ብቻ ቀርታዋለች።

ደሜ ፈላ። እሱ የደረሰበት ከደረስኩ ምኑን በለጥኩት? ደግሞስ ሳይደምሩ ማባዛት የት አገር ነው? ተሳስቷል፣ እኔም አብሬው ተሳስቻለሁ አልኩና መስመሯን ጠረግኋት። እንደገና ከላይ ጀመርኩ።

«አንተ፣ ምነው ባዶ?» አሉኝ ባላምባራስ።

«ተሳስቼ ነበር፣ ጌታዬ።»

ገመዳ ሰሌዳውን አቀረበ። «ይኸውልዎ። ይህ ቁጥር አሥራ አምስት ሁለቶች ተባዝተው የወጡት ነው፤ ሌላ ነገር የለበትም። ቢገምሱት ቢገምሱት አንድ እስኪደርሱ ጎዶሎ አያገኙም። የቀረችው መስመር ብቻዋን መልስ ናት።»

አለቃ ሆነ። ጣሊያን እስኪገባ ድረስ በእሱ ሥር ሠራሁ።

አንድ ቀን ጆንያ ላይ ተቀምጠን፣ «ያን ቀን ቀድመኸኝ ነበር፤ አይቼሃለሁ። ለምን ጠረግኸው?» አለኝ።

«መልሴ ካንተ ጋር አንድ ሆነብኝ» አልኩት።

ሊስቅ ነው ብዬ ጠበቅሁ። አልሳቀም።

ለቆጣሪ የምለው ይህን ብቻ ነው፤ ሌላው ሰው ትክክል ስለሆነ ያንተ ስሕተት አይሆንም። ሰሌዳህን ሳትጠርግ አሳይ።