ገደል ላይ የተማለ መሐላ

ልጅ ሳለሁ፣ ክረምት ሲገባ፣ ሰቆጣ በአክስቴ በጥሩዬ ቤት በር ተዘግቶብን ነበር የምናመሸው። ከደጅ ዝናቡ፣ ከውስጥ ጢሱ ይዞን፣ በኩራዝ ብርሃን እንፋጠጣለን። እናቴ የምትኖረው ከሰቆጣ ራቅ ብሎ፣ ደሃና በሚባል አገር ነበር። አክስቴና ባሏ አያ ተፈራ ልጅ ስላልወለዱ እናቴ እኔን ሰጠቻቸው፤ እኔን ግን የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። ያኔ ማልቀስ እንኳ እፈራ ነበር። ሁለቱም ደጎች ነበሩና፣ ደግን ሰው እንዴት ብለው «ልቀቁኝ» ይሉታል?

አያ ተፈራ ዓሣ ማጥመድ ይወዱ ነበር። በአገሩ ዓሣ የሚያጠምድ እምብዛም ስላልነበረ ጎረቤት ይስቅባቸዋል፤ ሚስታቸውን ይዘው ወደ ወንዝ መውረዳቸው ደግሞ ይብስ ያስቃል። መንገድ ሊሠራ የመጣ አንድ ፈረንጅ ባሳያቸው ዘዴ፣ መንጠቆው ላይ የቀይ አውራ ዶሮ ላባ ይጠመጥሙና፣ ከፈረስ ጭራ በተገመደ ክር ከረጅም ሸንበቆ ጫፍ አስረው ውሃው ላይ ጣል ያደርጉታል። ዓሣው ዝንብ መስሎት ይዘላል። ዓሣው የተሸሸገበትን ድንጋይ ለይታ የምታሳያቸው ግን አክስቴ ናት።

ፍሙን ከበን ስንቀመጥ አያ ተፈራ ደጋግመው የሚያወጉን የአንድን ቀን ነገር ነበር። ገና ጎልማሳ ሳሉ ዘመዶቻቸው «መካን ይዘህ እስከ መቼ? ፍታት እንጂ!» እያሉ ይወተውቷቸዋል። እሳቸውም ቁርጡን ለብቻዋ ሊነግሯት አስበው ወደ ወንዝ ይዘዋት ወረዱ። እሷ ገብቷታል፤ ዝም ብላ ዓሣ ስታሳያቸው ዋለች። ሰማዩ ጥርት እንዳለ፣ ላይ ደጋው ላይ የዘነበው ዝናብ ድንገት ደራሽ ጎርፍ ሆኖ መጣባቸው። ሸንበቆውን ጥለው ገደሉን እየቧጠጡ፣ ሁለት ሰው ብቻ በምታስቀምጥ የድንጋይ ጠርዝ ላይ ወጡ። ከኋላቸው ቀጥ ያለ ገደል፣ ከፊታቸው ግንድ እየገለበጠ የሚያገሳ ውሃ። መውጫ የለም። መሸ። ውሃው እግራቸው ሥር ሲደርስ አያ ተፈራ የአክስቴን እጅ ይዘው፣ «ከዚህ በሕይወት ካወጣን፣ ማርያምን፣ አልፈታሽም!» ብለው ማሉ። ሊነጋጋ ሲል ውሃው ጎደለ።

ወጉ እዚህ ላይ ያበቃል። እሳቸው ይስቃሉ፤ አክስቴ ፍሙን ትቆሰቁሳለች።

አንድ ምሽት ግን ሳላስበው ከአፌ አመለጠኝ።

«አያ፣ ደራሹ ባይመጣ ኖሮ ይፈቷት ነበር?»

ሳቃቸው ቆመ። አክስቴ ቀና ሳትል፣ «እኔም ይህንኑ ሳወጣ ሳወርድ ነው የኖርሁት» አለች። «ወድደው ይቀመጡ፣ መሐላው ይዟቸው ይቀመጡ፣ አንድም ቀን አላወቅሁም። እህል ባቀርብላቸው፣ ቢታመሙ ባስታምማቸው፣ እስረኛ የምጠብቅ ይመስለኛል።»

አያ ተፈራ ወደ እሷ ዞረው፣ «ጥሩዬ» አሉ፤ «ያን ሰሞን ለንስሐ አባቴ ነግሬያቸው ነበር። ‹በጭንቅ የማልኸው ነውና ከፈለግህ ከመሐላው እፈታሃለሁ› አሉኝ። አልፈልግም አልኋቸው።»

«ታዲያ ይህን ሁሉ ዘመን ለምን አልነገሩኝም?»

«አልጠየቅሽኝማ!»

አክስቴ በነጠላዋ ፊቷን ሸፍና አለቀሰች፤ የደስታም የቁጭትም ይመስል ነበር። እንባዋን ጠርጋ ስታበቃ ወደ እኔ ዞረች።

«አንቺስ ልጄ? እናትሽ ዘንድ መሄድ ትፈልጊያለሽ?»

እንዳላሳዝናት ፈራሁ፤ ግን ያን ምሽት መዋሸት አልቻልሁም። «አዎ» አልኋት።

አልተቆጣችም። መስከረም ጠብቶ መንገዱ ሲደርቅ፣ ከአያ ተፈራ ጋር ሆና ራሷ ደሃና አደረሰችኝ። መንገዱን ሁሉ እጄን አልለቀቀችም፤ ከእናቴ ደጅ ስንደርስ ነው የለቀቀችኝ፣ እሱንም ቀስ ብላ።

በዚያ ቤት እሳት ዳር የሰማሁት ተረት አብዛኛው ጠፍቶብኛል፤ የጅቡም የቀበሮውም ተረት ተቀላቅሎብኛል። ዛሬ እኔም ባለ ትዳር ነኝ። ባሌ ዝም ያለ ቀን ግን ያች አክስቴ ፍሙ ላይ አቀርቅራ ትታየኛለች፤ ያኔ ሥራዬን አስቀምጬ በልቡ ያለውን እጠይቀዋለሁ። መልሱ ሁልጊዜ ደስ አያሰኝም። ቢሆንም እጠይቃለሁ።